የእማዬ ሆያ

ቤታቸው ውስጥ አበባ ለማሳደግ የሚያስቡ ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ "በስንት ቀን ነው ውሃ የሚጠጣው?" ለሆያ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ሆያ በቀን ቀጠሮ አይጠጣም። ሲጠማው ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስታጥፉት እሺ ብሎ ይታጠፋል፤ ካልጠማው እንደ አዲስ የጫማ ሶል ግትር ብሎ እምቢ ይላል። ዓይን አያስፈልገውም። ይህንን የተማርኩት ከእናቴ ነው። የእናቴ ዓይን ብርሃን ከደከመ ደግሞ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው።

ሆያን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ በሰም የተለበጠ የሚመስል ቅጠል ያለው ሐረግ ነው። ፈረንጆቹም የሰም አበባ ይሉታል። ዝርያው ብዙ መቶ ይደርሳል፤ እኛ ቤት ያለውና በብዛት የሚታወቀው ከደቡብ ቻይና፣ ከታይዋንና ከደቡባዊ የጃፓን ደሴቶች የመጣው ነው። በተፈጥሮው ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ይኖራል። ዛፉን አይመጠውም፤ መደገፊያ ብቻ ያደርገዋል። ሥሩ የሚያርፈው በቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ በተጠራቀመ ቅጠላ ቅጠል ላይ ስለሆነ አየር የለመደ ነው፤ ጭቃ አያውቅም። ቤት ውስጥ የሚሞት ሆያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በውሃ ጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት የሆነውም ለዚህ ነው።

ስሙን ያወጣለት ሮበርት ብራውን የተባለ ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1810። ስሙ ለቶማስ ሆይ መታሰቢያ ነው። ቶማስ ሆይ ለንደን አጠገብ በሚገኘው የኖርዘምበርላንድ መስፍን ግቢ፣ በሳይን ሀውስ፣ ዋና አትክልተኛ ነበር። ለመስፍኑ ሳይሆን ለአትክልተኛው መሰጠቱ ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። እኛ ቤት ግን ይህ ታሪክ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ትንሹ ልጄ ስሙን የሰማ ዕለት "ሆያ ሆዬ!" ብሎ በትር ፍለጋ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ለልጆቹ የቡሄ አበባ ነው፤ ምንም እንኳ በቡሄ ሰሞን አብቦ ባያውቅም።

ወደ ቤታችን የገባው በሚያዝያ 2012፣ ሰው ከሰው በተራራቀበት በኮሮና ሰሞን ነው። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን እማዬ ከቤት እንደማትወጣ ሰምተው፣ በግማሽ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርገው፣ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን ቁራጭ ተክለውባት በራችን ላይ አስቀመጡና ደወሉልን። "ለእማማ ነው፤ መጫወቻ ይሁናቸው" አሉ። መጫወቻ የሚለውን ቃል እማዬ አልወደደችውም። ቁራጯን ግን ተቀብላ በጣቶቿ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰቻት። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ስትደርስ ጣቷ ተጣበቀ። አሸተተችው። "ወተት አለው፤ እንደ አጋም ነው" አለች።

እኔ ኋላ ሳነብ ነው ያገኘሁት፤ እውነትም ሆያና አጋም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። እማዬ መጽሐፍ ሳያስፈልጋት ዘመዱን አውቃዋለች። (ይህ ነጭ ፈሳሽ አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያሳክካል፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል። ስለዚህ ሆያ የነካ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን ባያሽ ይመረጣል። የዓይን ጠብታ የሚያደርግ ሰው ካለበት ቤት ደግሞ ይህ ሕግ ነው።)

እማዬ ከኛ ጋር መኖር የጀመረችው በ2010 ነው። ከዚያ በፊት ደሴ ነበረች፤ የራሷ ግቢ ነበራት። ጽጌረዳው፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ጌሾው፣ ከአጥሩ ሥር የሚሮጠው ዱባ ሁሉም በእሷ እጅ ነበር። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ዓይንም አያቀላም፤ ዕይታን ከዳር ከዳር እያጠበበ ነው የሚመጣው። ደረጃ ሲስታት "እርጅና ነው" ትል ነበር። ሐኪም ቤት ስትደርስ የቀኝ ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በግራው ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ መስኮቱ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈ የለም። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ አይመለስም። ጠብታው የሚያገለግለው የተረፈውን ለማቆየት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ዓይኗ የማያይ የ70 ዓመት ሴት ምን ትሥራ? ሁሉም ሰው አንድ መልስ ነበረው፤ "እማዬ፣ ቁጭ በይ።" ቡና ልቁላ ስትል ቁጭ በይ። ሽንኩርት ልላጥ ስትል ቁጭ በይ። የልጆቹን ልብስ ልጠፍ ስትል እንኳ "አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ቁጭ በይ።" ፍቅር ነው፤ ክፋት የለበትም። እሁድ እሁድ የምትመጣው ታላቅ እህቴ ደግሞ የዚህ ሕግ ዋና አስከባሪ ነበረች። እማዬም ቁጭ አለች። ሬዲዮዋን ይዛ ሁለት ዓመት ቁጭ አለች። ድሮ ከማለዳ እስከ ማታ የማትቀመጥ ሴት ናት፤ ወሬዋም በዚያው ልክ አጠረ። ስንጠራት "አለሁ" ትላለች፤ ሳንጠራት አትናገርም።

ያቺን ሃይላንድ ግን ማንም ከእጇ የሚወስድበት ምክንያት አልነበረውም። ምን ያቃጥላታል? ምን ይቆርጣታል? ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ ጣቷን ውሃው ውስጥ እየከተተች የቁራጯን እግር ትዳብስ ነበር። ከወር በኋላ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ድረስ መጥታ "ጢም አውጥታለች" አለችኝ። ሥር ማለቷ ነው። ያለ ጥሪ ወጥ ቤት ከመጣች ቆይታ ነበር።

ለጀማሪ አንድ ነገር ላክል። ቁራጭ ስትወስዱ ቢያንስ ሁለት አንጓ ይኑረው። ሥርም አዲስ ቅርንጫፍም የሚወጣው ከአንጓ ነው። አንጓ የሌለው ነጠላ ቅጠል ሥር ሊያወጣ ይችላል፤ ለዓመታት አረንጓዴ ሆኖ ሊቀመጥም ይችላል፤ ሐረግ ግን አይሆንም።

አፈሩን የቀላቀለችው ራሷ ናት። ጥቁር አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቀር አይሆንም። ብሎኬት የሚሠራበትን ፑሚስ ከአንድ ግንባታ ቦታ በፌስታል ለምኜ አመጣሁላት፤ ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ ጥቂት የከሰል ስብርባሪ። በመዳፏ ጨብጣ ስትለቀው ካልተበተነ "ገና ነው" እያለች ፑሚስ ታስጨምረኛለች። የተከለችው በድልህ ጣሳ ነው፤ ሥሩን በሚስማር በሳሳንላት። ባለቤቴ የሚያምር ትልቅ የሸክላ ዕቃ ሊገዛላት ፈልጎ ነበር። ሆያ ግን ጠባብ ቤት የሚወድ ተክል ነው። ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ አቁሮ ይይዝና ያበሰብሰዋል፤ ሥሩ ሲጣበብ ደግሞ ለማበብ ይነሣሣል ይላሉ የሚያሳድጉት ሰዎች። እስከ ዛሬ ዕቃ የቀየርንለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ውሃ የምታጠጣው በቡና ስኒ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን ታጥፋለች። ቀጥሎ ዕቃውን ከፍ አድርጋ ትመዝናለች፤ የደረቀና የረጠበ ክብደቱን እጇ ያውቃል። ከዚያ ስኒ በስኒ እያፈሰሰች ጆሮዋን ታዘነብላለች። ከሥሩ ባለው ሳህን ላይ ጠብ ጠብ ሲል ታቆማለች፤ ከሳህኑ ያለውንም ትደፋለች። በበጋ በአሥር ቀን አንዴ ይሆናል፤ በክረምት ሦስት ሳምንትም አልፎ ያውቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ይህ ተክል የተላከልን ነው የሚመስለኝ። ወፍራም ቅጠሉ የራሱ ሮቶ ነው። በዚያ ላይ እንደ በለስ፣ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት የሚከፍት ዓይነት ስለሆነ ውሃውን በፀሐይ አያስተንንም።

ስለ ብርሃን ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወናበዳል። ከውጭ የመጣ የአበባ መጽሐፍ ከፍታችሁ "ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት" የሚል ምክር ታገኛላችሁ። የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የኛ ፀሐይ ቦታ ትቀያይራለች። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በቀትር ወደ ደቡብ ትዘነብላለች፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ደግሞ ወደ ሰሜን። የኛ ሳሎን መስኮት የሚያየው ወደ ደቡብ ነው። በበጋ ፀሐይዋ እስከ ሶፋው ትገባለች፤ በክረምት አንዲት ጨረር አትገባም። ስለዚህ ሐረጉ በበጋ ከቡፌው ላይ ሆኖ በስስ መጋረጃ በኩል ይሞቃል፤ ክረምት ሲገባ መስኮቱ ሥር ይጠጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ፀሐይ ቀላል አይደለችም፤ ያለ መጋረጃ ቀትር ላይ ብትመታው ቅጠሉ ይገረጣል፣ አልፎም ይቃጠላል። ምሥራቅ መስኮት ያለው ሰው ታድሏል፤ የጠዋት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አይቀርበትም።

እማዬ ይህንን ሁሉ የምትለካው በእጇ ጀርባ ነው። ቅጠሉ ባለበት ቦታ እጇን ታቆያለች። ካቃጠላት "እዚህ ይበዛበታል" ትላለች፤ ካልሞቃት "እዚህ ይርበዋል።" በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን በረንዳ ላይ እንዲያድር አትፈቅድም። ሆያ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ አይወድም፤ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል።

ተባይ የገባበት አንድ ጊዜ ነው። ነጭ ጥጥ የሚመስለው፣ ቅጠልና ግንድ በሚገናኙበት ጉርብ የሚደበቀው ነው። እኛ ዓይን ያለን አራት ሰዎች በየቀኑ በፊቱ እያለፍን አላየነውም። እሷ ናት "ቅጠሉ ሙጫ ሙጫ አለኝ" ያለችው። ተባዩ የሚለቀው ጣፋጭ ፈሳሽ ነበር። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ባለ 70 በመቶ አልኮል በጥጥ እየነከርን በየሳምንቱ ስንጠርግ በወሩ ጠፋ። (ጎረቤታችን አረቄም ይሆናል ብለው ነበር። ቤታችን ውስጥ አረቄውን ለአበባ የሚሰጥ ሰው ስላልተገኘ አልሞከርነውም።)

በሁለተኛው ዓመት ሐረጉ ከቡፌው ላይ ወርዶ ወለሉን ሊነካ ደርሶ ነበር። አበባ ግን የለም። በሦስተኛውም የለም። ከቁራጭ የተነሣ ሆያ እስኪያብብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ። ልጆቹ ተስፋ ቆረጡ። እህቴም "ይሄ እንኳ ዝም ብሎ ቅጠል ነው" ማለት አበዛች። እማዬ ምንም አላለችም።

ሆያ ሲያድግ መጀመሪያ የሚልከው ቅጠል የሌለው ረጅም አለንጋ የሚመስል ጅራት ነው። የሚይዘው ነገር እየፈለገ ነው። ቅጠሉ ዘግይቶ ይወጣል። ላላወቀ ሰው የደረቀ ሽቦ ይመስላል። በ2014 የፋሲካ ሰሞን እህቴ ቤት ልታጸዳልን መጥታ፣ መጋረጃ አውርዳ አጥባ፣ ምንጣፍ አራግፋ፣ በመጨረሻ መቀስ ይዛ አራት ጅራት ቆረጠች። አንዱ ከክንድ ይረዝማል። ቤቱ እንዲያምር ብላ ነው።

እማዬ ማታ ልትዳብሰው ሄደች። እጇ ሐረጉን ተከትሎ ወረደና ባዶ አገኘ። የተቆረጠውን ጫፍ ይዛ ቆመች።

"ማነው የቆረጠው?"

"ደርቆ ነው እማዬ። እኔ ነኝ፤ ቤቱን እያጸዳሁ…"

"ደርቆ ወተት ያወጣል?"

እህቴ ዝም አለች። ቀጥሎ እማዬ የተናገረችው ነገር ስለ ሐረግ አልነበረም። ድምፅዋን ሳታነሣ ነው ያለችው፤ "ቡናውን ወሰዳችሁ፣ እሺ አልኩ። ምድጃውን ወሰዳችሁ፣ እሺ አልኩ። ጠብታዬን እንኳ እናንተ ናችሁ የምታደርጉልኝ። ይቺን አንዷን ተዉልኝ።" እህቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እሁድ እሁድ ሁለት ታክሲ ቀይራ የምትመጣ ልጅ ናት፤ ለእማዬ ከእሷ በላይ የሚደክምላት የለም። ያን ማታ ሁለቱም እራት አልበሉም።

ከፋሲካ በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እማዬ ባለችበት። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ እህቴ ስለ እሳት ያላት ፍርሃት ትክክል ነው። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፤ ከሰሉ ቀርቶ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ሰው አጠገቧ ባለበት፣ እማዬ ትቁላ። ቡና መድረሱን በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው ትላለች እሷ፤ መጀመሪያ ይንጣጣል፣ ከዚያ ይሸታል፣ በቃ። ጠብታውንም በራሷ እጅ ጀመረች፤ አንዱ ጠርሙስ ላይ ላስቲክ አሰርንበት፣ ሌላኛውን እንዲሁ ተውነው። እስከ ዛሬ አቀያይጣ አታውቅም።

የተቆረጠው ሐረግ ከቁስሉ ጎን ሁለት አዲስ ጅራት አበቀለ። አንዱን እማዬ ከመጋረጃው ዘንግ ወደ ታች በሰቀልንላት ሲባጎ ላይ ጠመጠመችው። በጥር 2016 አንድ ጠዋት ጣቷ ከአንድ ቅጠል ጎን ቆመ። "እዚህ ጋ ክብሪት የሚያክል ነገር አለ" አለች። ቀርቤ አየሁ፤ አጭር ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የጤፍ ቅንጣት የሚያካክሉ እምቡጦች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃውን የሚያዞር ሰው ወዮለት። ሆያ እምቡጥ ይዞ ቦታው ከተቀየረ ወይም አፈሩ ከመጠን በላይ ከደረቀ እምቡጡን ያረግፈዋል። ባለቤቴ ቡፌው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ሊያንቀሳቅስ ፈቃድ ይጠይቅ ጀመር።

የፈነዳው በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ መብራት በጠፋበት ማታ ነው። እኔ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ውስጥ እርመሰመሳለሁ፤ ልጆቹ የስልክ መብራት ይሻማሉ። እማዬ ከመኝታ ቤት ወጥታ በጨለማው መካከል፣ ማንንም ሳትነካ፣ ዕቃም ሳታደናቅፍ በአጠገባችን አለፈች። "ምነው፣ ሽቶ የተቀባ እንግዳ አለ እንዴ?" አለች። እኛ አሁንም ምንም አልሸተተንም። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ልጄ መብራቱን ይዞ ሲሄድ አየነው፤ ከሐረጉ ሥር የተንጠለጠለ ኳስ፣ እያንዳንዷ አበባ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ ከሰም የተሠራች የምትመስል ፈዛዛ ሮዝ፣ መካከሏ ላይ ሌላ ትንሽ ቀይ ኮከብ። ሽታው ማር የገባበት ካካዎ ይመስላል። ቀን ቀን እምብዛም አይሸትም፤ ማታ ነው የሚያይለው፤ የሚጠራው የሌሊት ራሪዎችን ነውና።

እማዬ በጣቷ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። 19። ልጄ በመብራት ደግሞ ቆጥሮ 18 አለ። እንደገና ቆጠሩ፤ 19 ሆነ።

አበባው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲረግፍ ዘንጉን እንዳትቆርጡት። ይህ ከጽጌረዳ የሚለይበት ነገር ነው። ሆያ በሚቀጥለውም ዓመት የሚያብበው ከዚያችው አሮጌ ዘንግ ነው፤ ቆርጣችሁ ከጣላችኋት አዲስ እስኪያበጅ ትጠብቃላችሁ። የኛዋ በ2017 ከዚያችው ላይ ደገመች፤ ሁለት ሌሎችም ተጨመሩ።

እዚህ ላይ ከአበባው ወጣ ልበል። ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ያለበት ሰው ዓይኔ ደህና ነው ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ ሕመም የለውምና። የዓይን ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ጤነኛ ይባላል፤ ግፊቱ በዚያ ውስጥ ሆኖም ነርቩ የሚጎዳ ሰው ስላለ ሐኪሙ የዓይንን ነርቭ ጭምር ማየት አለበት። በ2017 ኅዳር እኔና እህቴ አብረን ሄድን። የኔ 16 ነበር፤ ነርቡም ደህና ነው፤ በዓመት በዓመት እየተመለስኩ እታያለሁ። የእህቴ 27 ሆነ፤ ነርቧም መነካት ጀምሯል። ዕይታዋ ግን ሙሉ ነው፤ ገና በጊዜ ተደረሰበት። ማታ ማታ አንድ ጠብታ ታደርጋለች።

እማዬ ስትሰማ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ እህቴን አጠገቧ አስቀምጣ ጠብታ አደራረግ አሳየቻት፤ ራስን ወደ ኋላ፣ የታችኛውን ሽፋን ሳብ፣ ጠብ ካለ በኋላ ዓይንን ከድኖ የአፍንጫን ሥር በጣት ጫን። ነርሷ አሳይታት ነበር፤ እህቴ ግን እንደ አዲስ ተማረች።

በዚያው እሁድ እማዬ ከሐረጉ ላይ ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ መርጣ፣ በሃይላንድ ውሃ ውስጥ አድርጋ ሰጠቻት። ከዚያ በፊት አራት ሰው ሰጥታ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሐዋሳ የወሰዳት በውሃ ብዛት ሞታለች፤ ሌላ እንልክለታለን፤ በዚህኛው ግን ማጠጣቱ ለሚስቱ ነው የሚሰጠው። የእህቴ ሥር ስታወጣ በድልህ ጣሳ ተተከለች። ታላቅ እህቴ መጠበቅ አይሆንላትም። በሳምንት ሦስት ጊዜ ትደውላለች።

"እማዬ፣ ላጠጣው ወይስ ይቆይ? አፈሩ ከላይ ደርቋል።"

"ከላዩን ተዪው። ቅጠሉን አጥፊው።"

"የታጠፈ ይመስለኛል… አላውቅም።"

"እያየሽ ነዋ። ዓይንሽን ጨፍኚና ያዢው።"

እህቴ ያን ቀን አላጠጣችውም። ባለፈው እሁድ ስትመጣ በስልኳ ፎቶ ይዛ ነበር፤ አንድ ረጅም ጅራት ልኳል፣ ቅጠል የለውም፣ መጋረጃዋን ይዞ እየወጣ ነው። እማዬ ስንት ክንድ እንደሆነ ጠየቀቻት። እህቴ በእማዬ ክንድ ላይ ለክታ አሳየቻት።